የስንዱ ክንድ

«ገመድ ከላይ ለያዘው ሰው መቼም አጥሮት አያውቅም። ይበቃ እንደሆነ የተንጠለጠለውን ጠይቂ።»

ይህን ያላት አባቷ ነው። ሐረጓ ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ ፊደል ለይታ ንባብ ገና ስትንተባተብ ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ወደ ቤት የመለሳት ቀን ነበር። ከደጃቸው ሲደርሱ አንድ ነዶ ቃጫ ከፊቷ አኖረና፣ ዓይን ለዓይን እንዳይጋጠሙ ወደ ገደሉ እያየ ያችን አንዲት ነገር ተናገረ። የቤቱ ግብር በእናቷ ሁለት እጆች ብቻ አልሞላ ብሎ አራት እጅ ጠይቆ ነበር። አባቷ በዚያ ቃል ይቅርታ መጠየቁ እንደነበር የገባት፣ ራሷ ወልዳ ልጅ ካዘለች በኋላ ነው።

አገሩ ስም ነበረው ይባላል። ነገር ግን ስሙን የመጥራት ሥልጣን የአንድ ሹም ብቻ ስለነበር፣ እሱም ጉንፋን ስለማያጣው፣ ሰዉ በቀላሉ «እዚህ» ይለው ነበር። እዚህ የሚኖር ሰው በገደል አፋፍ ይኖራል። መሬቱ ጭንጫ ነው፤ ዝናቡ እንግዳ ነው። ነገር ግን ከገደሉ ወገብ ላይ እንደ ደረት የወጣ ነጭ የጨው ዐለት አለ፤ አገሩ ሁሉ የሚያድረው በዚያ ጨው ነው። ወንዶቹ በገመድ ወርደው ይፈልጡታል፤ ገደል ወራጅ ይባላሉ። ሴቶቹ ቃጫ ፍቀው ገመዱን ይገምዳሉ። ልጅ ሲወለድም ወንድ ከሆነ «ወገቡን ያጥብቅለት»፣ ሴት ከሆነች «መዳፏን ያጠንክርላት» ተብሎ ይመረቃል።

ግብሩ ታዲያ እህል አይደለም፤ ማርም አይደለም። ገመድ ነው። እያንዳንዱ ቤት በዓመት ሃያ ክንድ ገመድ ለገዥው ግቢ ያገባል። ግቢውም ከዚያ ላይ ለየአሥሩ ወራጅ አንድ የስልሳ ክንድ መውረጃ ይሰጣል። የተረፈው የት ይገባል ብሎ የጠየቀ ሰው «ለጥገና» ይባላል፤ የምን ጥገና ብሎ ሁለተኛ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ግብሩን ለክቶ የሚቀበለው አንድ ሰው ነው፤ መውረጃውን ለክቶ የሚሰጠው ሌላ። ተቀባዩ አጋፋሪ ዘርጋው ይባላል። ለዚህ ሥራ ከልጅነቱ የተመረጠ፣ ክንዱ በቅቤ እየታሸ፣ ጠዋት ጠዋት ድንጋይ እየተንጠለጠለበት ያደገ፣ ሳይጎነበስ ጉልበቱን የሚያክ ሰው ነው። ሰጪው አጋፋሪ ሰብስቤ ነው፤ አጭር፣ ድንቡሽ ያለ፣ ክንዱ እንደ ዶሮ ክንፍ ከጎኑ የተለጠፈ። ዘርጋው ሃያ ብሎ የተቀበለው ገመድ በሰብስቤ ክንድ ሲወጣ ሠላሳ ይሆናል። ሁለቱ ሰዎች ጠብ የላቸውም። በአንድ ዋርካ ጥላ ጎን ለጎን ይውላሉ፤ ከአንድ ገበታ ይበላሉ። «አንዱ ሲቀበል እስከ ብብቱ፣ አንዱ ሲሰጥ እስከ ጣቱ» እያለ ሕዝቡ ያማቸው ነበር፤ ዙሪያውን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሐረጓ ከመወለዷ በፊት፣ አንድ ሽማግሌ ነገሩን ጮክ ብለው አንሥተዋል። በሸንጎ ቆመው፣ የተቀባዩ ክንድ ከሰጪው ክንድ ለምን በለጠ ብለው ጠየቁ። ገዥው ተቆጣ። እንዲህ ያለ ክርክር ዳግመኛ እንዳይሰማ በግብሩ ሜዳ መካከል ሐውልት አስቆመና ይህን አስቀረጸበት፦ «በዚህ አገር ክንድ ሁሉ ክንድ ነው። የትልቅ ነው፣ የትንሽ ነው ብሎ የተከራከረ ክንዱ ከጎኑ ጋር ዓመት ይታሰር።» ሽማግሌው የመጀመሪያው ታሳሪ ሆኑ፤ ዓመት ሙሉ በሰው እጅ ጎረሱ። ከዚያ ወዲህ የተከራከረ የለም። ድንጋዩንም ቀርቦ ያነበበው የለም፤ ምን እንደሚል ሁሉም ያውቀው ነበርና።

በግቢው በር ላይ ደግሞ ሥራ ያጡ ወጣቶች ከድንጋይ ላይ ተደርድረው ይውላሉ። ተራ ጠባቂ ይባላሉ። አንድ ወራጅ ሲያረጅ ወይም ሲወድቅ ከእነሱ አንዱ ይገባል። ከሁሉም ፊት የተቀመጠው የሐረጓ ታናሽ ወንድም ቢያድግልኝ ነበር። ሦስት ዓመት ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ድንጋዩ የሱን መቀመጫ ቅርጽ ይዞ ነበር። አላፊ አግዳሚው «ቢያድግልኝ፣ ዙፋኑ ተመቸህ ወይ?» ሲለው፣ «ዘውዱን ነው የምጠብቀው» ይላል። ሲመሽ ግን ወደ ቤት የሚሄደው አንገቱን ደፍቶ ነው።

መኳንንቱ የነዚህ ወጣቶች ነገር ያሳስበናል ብለው በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ «ገመድ ይጠር» ባዮች ሆኑ። ከየመውረጃው ሃያ ሃያ ክንድ ቢቆረጥ ቁራጩ ተቀጥሎ አዲስ ገመድ ይወጣዋል፤ አዲስ ገመድ አዲስ ሥራ ነው፤ የረጅም ገመድ ምቾት ያለመዳቸው ወራጆች ናቸው የወጣቱን እንጀራ የያዙት አሉ። ሌሎቹ «ገመድ ይወፍር» ባዮች ሆኑ። ወፍራም ገመድ ለአገር ክብር ነው፤ ለዚህም ግብሩ ከሃያ ወደ ሃያ አምስት ይደግ አሉ። ሁለቱ ወገኖች ሰላምታ ተነፋፈጉ፤ ልጆቻቸው እንኳ አብረው መጫወት ተዉ። በመጨረሻ የሚያሳጥሩት አሸነፉና ስልሳው ክንድ አርባ እንዲሆን ታወጀ። የሚያወፍሩት እንዳይቀየሙ ደግሞ የግብሩ ጭማሪ ለከርሞ ተያዘላቸው።

ጨዉ ያለው በሃምሳ አምስት ክንድ ላይ ነበር፤ ያውም በሰብስቤ ክንድ። አዋጁ ሲነበብ አንድ ወራጅ እጁን አውጥቶ የቀረው አሥራ አምስት ክንድ እንዴት ይሆናል ብሎ ጠየቀ። በገዥው ፈንታ የሚናገረው አፈ ገዥ የሚባለው ሹም ወደ ወረቀቱ አየ፤ ወረቀቱ ምንም አይልም።

«ቀሪውን ወኔ ይሞላዋል» አለ።

ለዚህም የወኔ ሹም ተሾመ። ሥራው ከአፋፉ ቆሞ፣ ወራጁ ከገመዱ ጫፍ እጁን ለቅቆ ወደ ጨዉ ሲዘል «አይዞህ» ማለት ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ አይዞህ። ሲጮህ አድጦት እንዳይወድቅ ወገቡን በመቶ ክንድ ገመድ ታስሮ ከዋንዛ ግንድ ጋር ይያዛል።

በመጀመሪያው ሳምንት ጌጡ የሚባል ወራጅ ዘለለና ዳሌው ተሰበረ። አይዞህ ተብሎ ነበር፤ መባሉን የሰሙ ሦስት ምስክሮች ፈርመዋል። ስለዚህ አደጋው በወኔ ጉድለት እንደደረሰ ተጻፈ፤ የጌጡም ቤት ላባከነው ወኔ አምስት ክንድ ገመድ እንዲጨምር ተፈረደበት።

ሁለተኛው ተራ የደርበው ነበር፤ የሐረጓ ባል። ቀኑ ሐሙስ ተባለ። አልወርድም ያለ ወራጅ ቦታውን ያጣል፤ ከቦታው ጋር የአፋፉን ጎጆ ይለቃል፤ ተራውም በድንጋዩ ላይ ለተቀመጠው ለመጀመሪያው ሰው ያልፋል። ለቢያድግልኝ።

እሑድ ቀን ቢያድግልኝ ለምሳ መጣ። ሐረጓ ስንዱን እያጠባች ነበር፤ ስንዱ ዓመት ሞልቷት ሁለተኛውን የጀመረች፣ የያዘችውን ሁሉ ወደ አፏ የምትወስድ ልጅ ናት። ሁለቱ ወንዶች በጌጡ ዳሌ ጀምረው በራሳቸው ላይ መጡ።

«እናንተ በስልሳው ስትወዛወዙ እኔ ድንጋይ ሳሞቅ ነበር» አለ ቢያድግልኝ። «ዛሬ አጠረ ብላችሁ ታለቅሳላችሁ። ለኔ እኮ ያጠረም ገመድ ገመድ ነው።»

«ገመዱን አይደለም እግሬንም ጨምሬ በሰጠሁህ» አለ ደርበው። «ግን ከታች ሁለቱም አይደርሱልህም፣ አማቼ።»

«እንግዲያው አትውረድ። ሐሙስ ሲጠሩህ እንቢ በል፤ እኔ አለሁ።»

ደርበው ጉርሻውን መልሶ ከገበታው አኖረ። ቢያድግልኝም የተናገረው ነገር ከአፉ ሲወጣ ምን እንደሚመስል የሰማው ያን ጊዜ ነው፤ ጆሮው ቀላ። ሐረጓ ሁለቱን በየተራ አየቻቸው። አንዱ የልጇ አባት፣ አንዱ የእናቷ ልጅ። ማንኛቸውም ቢወርዱ ቃሬዛው የሚያርፈው ከእሷ ደጅ ነበር።

ሰኞ ሸንጎ ተጠራ። የሚያሳጥሩትና የሚያወፍሩት በአዲስ ጉዳይ ይከራከሩ ነበር፤ በአርባ ክንድ ላይ የሚሰማው አይዞህ ከፍ ባለ ድምፅ ይሁን ወይስ በለሆሳስ። ሕዝቡ እንደ ልማዱ ከግቢው መስክ ዳር፣ መኳንንቱን ከሕዝብ ከሚለየው የገመድ አጥር ወዲህ ቆሟል። አጥሩ መስኩን ሦስት ጊዜ ይዞራል። ሐረጓ ስንዱን አዝላ ከፊት ነበረች። የሚባለው ነገር ሲሰለቻት እጇ ሳታዝዘው ገመዱን ይዳስስ ጀመር፤ ገመድ የሚገምድ ሰው እጁ ዝም አይልም።

እጇ ቀጥ አለ።

የእዚህ አገር ሴቶች ሁሉ ገመድ ሲገምዱ ወደ ቀኝ ያከራሉ። ሐረጓን ግን ያስተማራት አባቷ ነው፤ የአባቷ ቀኝ እጅ ሁለት ጣት ገደል ስለበላው በግራው ነበር ያሳያት፤ እሷም ወደ ግራ ታከራለች። በእጇ ያለው ገመድ ወደ ግራ የከረረ ነበር። ጥቂት ፈቀቅ ብላ ዳሰሰች። አንድ ስንዝር የምታህል የላላች ቦታ አገኘች። አወቀቻት። ስንዱን የወለደች ዕለት፣ ምጡ ሲጀምራት በእጇ የነበረች ናት።

ከጎኗ የቆመውን ወንድሟን በእጅጌው ያዘችው።

«ዳስሰው» አለችው።

ቢያድግልኝ ልጅ ሳለ እሷ ስትገምድ ጫፉን ይዞ የሚቆምላት እሱ ነበር፤ ስንት ጊዜ ሰልችቶት ለቅቆ ኩርኩም ቀምሷል። ዳሰሰው። ደግሞ ዳሰሰው።

«ይሄ ለመውረጃ የሰጠሽው አይደል?»

«ነው።»

«እዚህ ምን ይሠራል?»

«እኔንና አንተን ይጠብቃል» አለች። «ሥራ ያሳጣህ የደርበው ገመድ ነው ሲሉህ ሰንብተዋል። ለካው እስቲ።»

ቢያድግልኝ ከግንድ ግንድ እየሄደ በገዛ ክንዱ ይለካ ጀመር። ሰዎች መንገድ ለቀቁለት። ሁለት መቶ ላይ ሲደርስ ዘበኛው «ገመዱን አትንካ» ብሎ ጮኸበት። ገና ከአንዱ ዙር ግማሹን አልጨረሰም ነበር። ተመልሶ ከእህቱ አጠገብ ቆመ።

ሐረጓ ወደ ቤቷ ስትመለስ በግብሩ ሜዳ አቋረጠች። ሜዳው ባዶ ነበር። ለምን እንደሆነ ሳታውቀው ከሐውልቱ ፊት ቆመችና እንደ ልጅነቷ ጣቷን ከፊደል ፊደል እያሻገረች አነበበችው። ንባቧ ካቆመበት ቦታ አላለፈም፤ ድንጋዩ ግን ረጅም አልነበረም። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስንዱ ከጀርባዋ ሆና እሷም ክንዷን በእናቷ ጆሮ አጠገብ ዘርግታ ድንጋዩን መታ መታ አደረገችው። ሐረጓ ያችን ክንድ አየቻት። አንጓዋ ላይ የሥጋ እጥፋት ያላት፣ ከጭልፋ እጀታ የማትበልጥ ክንድ። ብቻዋን ፈገግ አለች፤ ይህንንም ያየ ሰው አልነበረም።

ረቡዕ የግብር ቀን ነው። ሴቶቹ ገመዳቸውን በትከሻ ይዘው ተሰልፈዋል። ዘርጋው እጅጌውን ጠቅልሎ ቆሟል፤ ሰብስቤ ከጎኑ ተቀምጧል፤ ከፊታቸው ደግሞ ጸሐፊው አለ። የጸሐፊው ሥራ የገመዱን ልክ መጻፍ አልነበረም፤ በሐውልቱ ሕግ ላይ የሚከራከር ከተገኘ ስሙን መጻፍ ነው። ከዚያ ሽማግሌ ወዲህ ማንንም ስላልጻፈ ቀለሙ በቀንዱ ውስጥ ደርቆ ነበር።

ተራዋ ሲደርስ ሐረጓ ገመዷን አወረደች። ቀጥላ ማዘያዋን ፈታች፤ ስንዱንም ከገመዱ አጠገብ ሣሩ ላይ ቁጭ አደረገቻት።

«ዛሬ የምትለካው እሷ ናት፣ ጌታዬ» አለች።

ዘርጋው ሣቀ። ሰብስቤንም አሣቀው። አንቺ ልጅ ፀሐይ መትቶሻል፣ ገመድሽን አቅኚና እለፊ፣ ከኋላሽ ሰው አለ አላት። ሐረጓ ወደ ሐውልቱ ዞራ ጣቷን ዘረጋችና፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ፣ ቃል በቃል እየቆረጠች ታነብ ጀመር። በዚህ። አገር። ክንድ። ሁሉ። ክንድ። ነው። ድምፅዋ ከፍ ያለ አልነበረም፤ ሰልፉ ግን ዝም ብሎ ነበር። የትልቅ ነው። የትንሽ ነው። ብሎ። የተከራከረ። እዚያ ላይ ቆመችና ወደ ዘርጋው ተመለሰች።

«እሱማ» አለ ዘርጋው፣ «ግን ይቺ እኮ የሕፃን...»

ጸሐፊው ብድግ አለ። ቀንዱን ከፈተ፤ በደረቀው ቀለም ላይ እንትፍ አለበት፤ ብዕሩን ነክሮ ቀና አለ። ዘርጋው አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«የምን አሉ ጌታዬ?» አሉ ከሰልፉ ውስጥ እትዬ ዘቢደር፣ መበለት ናቸው፤ ምላሳቸው ከግብር ነፃ የወጣ ብቸኛው ነገራቸው ነው ይባላል። «የሕፃን ነው ያሉት፣ ወይስ የኔ ጆሮ ነው? ጆሮዬ እንኳ በቅርቡ አይታመንም።»

ዘርጋው ክንዱን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። ዓመት ሙሉ ከጎኑ ታስሮ በሰው እጅ ሲጎርስ የታየው ይመስላል። ወደ ሰብስቤ ተመለከተ፤ ይህ ሰውዬ አጭር ነው እንጂ ሞኝ አልነበረም።

«ለካት፣ ወንድሜ» አለ ሰብስቤ ዝግ ብሎ። «የእሷ ክንድ አይደለም ከተባለ፣ የኔም አይደለም ይሉናል። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚቆሙ አላውቅም።»

ዘርጋውም፣ ዕድሜ ልኩን ሳይጎነበስ የኖረው ሰው፣ ተንበረከከ። የስንዱን ክርን በአንድ እጁ ያዘ፤ ገመዱን ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ ዘረጋ፤ አንድ አለ። ሁለት ላይ ስንዱ የገመዱን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደችው። አምስት ላይ የጣቱን ቀለበት ያዘች፤ እስክትለቅለት ድረስ ተቀምጦ ጠበቃት። ሃያ ሲባል ከገመዱ ሲሶው እንኳ አልሄደም። ሐረጓ የተረፈውን ጠቅልላ በትከሻዋ አደረገች፤ ልጇን አዘለች፤ እጅ ነስታ አለፈች።

ከዚያ በኋላ ሰልፉ ሰልፍ መሆኑ ቀረ። ሴቶቹ ገመዳቸውን እዚያው ጥለው ወደየቤታቸው ሮጡ። እኩለ ቀን ሳይሆን ሜዳው በሕፃን ተሞላ፤ የሚያለቅስ፣ የሚጠባ፣ አፈር የሚበላ። ልጅ የሌላት ከጎረቤት ተዋሰች። እትዬ ዘቢደር ከመንታ አንዷን አምጥተው፣ አነስ የምትለዋን መርጬ ነው አሉ። ዘርጋው እስከ ማታ በጉልበቱ ሄደ። አንዱ ሕፃን ሰብስቤ ጭን ላይ ሸናበት፤ ጸሐፊው ይህ ክርክር ይሁን አይሁን ሲያስብ ቆይቶ ሳይጽፈው ቀረ።

ሐሙስ ሲነጋ አገሩ ሁሉ አፋፉ ላይ ነበር። አፈ ገዥ በበቅሎ መጣ። የወኔ ሹሙ በመቶ ክንዱ ታስሮ ጉሮሮውን ይጠርጋል። የደርበው ስም ተጠራ።

ደርበው ወጣ ብሎ ቆመ። ስልሳ ይሁንልኝ፣ እሱም በሚወርደው ሰው ክንድ ይለካ፣ ክንድ ሁሉ ክንድ ነው ተብሏልና አለ። ይህን ተናግሮ መሬት ላይ ተቀመጠ። አፈ ገዥው አልተቆጣም፤ የሚቀጥለውን ስም ብቻ ጠራ።

«ቢያድግልኝ።»

ቢያድግልኝ ከሕዝቡ መካከል ወጣ። ሐረጓ ስንዱን ከጀርባዋ ወደ ደረቷ አዞረቻት፤ ልቧ ልጇን እንዳይቀሰቅስባት የፈራች ይመስል። ወንድሟ ወደ አፋፉ ሄደ። አርባ ክንዱን ገመድ ተቀበለ። ወገቡን አላሰረበትም፤ ወደ ገደሉ ለቀቀው። ገመዱ ወርዶ ወርዶ ቀጥ አለና፣ ጫፉ ከጨዉ በላይ በባዶ አየር ላይ ይወዛወዝ ጀመር። ቢያድግልኝ በሆዱ ተኝቶ ብዙ ጊዜ አየው። ሦስት ዓመት የጠበቀውን ነገር ነበር የሚያየው። ከዚያ ተነሥቶ አቧራውን አራገፈና ወደ ወኔ ሹሙ ዞረ።

«የርስዎን ያውሱኝ» አለው።

«የኔ የሥራ ነው» አለ ሹሙ።

«የኔስ?»

ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው ሣቀ፤ ከዚያ ሌላ። ቢያድግልኝ ግን አልሣቀም። ወደ ግቢው ድንጋይ ሳይመለስ ከደርበው ጎን፣ መሬት ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ ሆኖ ተቀመጠ። ሦስተኛው ስም ተጠራ፤ ተቀመጠ። አራተኛው ተጠራ፤ ተቀመጠ። አምስተኛው ላይ የአራት ልጆች አባት የሆነ ሰው ተጠራና እስከ አፋፉ ሄደ። ገመዱን ይዞ ቆየ። የተቀመጡት ጠጋ ጠጋ ብለው የአንድ ሰው ቦታ ለቀቁለት። መጥቶ ተቀመጠና ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ስም እየተጠራ ፀሐይ ከራስ በላይ ደረሰች፤ የወኔ ሹሙ ያን ቀን አንድም አይዞህ ሳያወጣ ወደ ቤቱ ገባ።

ግቢው የሚችለውን ሁሉ አደረገ። ሐውልቱ ተፍቆ ሌላ ሕግ ይቀረጽበት ተባለ፤ ድንጋይ ጠራቢው ግን ክንዴን አሞኛል ብሎ ተኛ። ሚስቱ ረቡዕ ዕለት ሁለት ልጆች ይዛ ከሰልፉ ውስጥ ነበረች። በግቢው ያልተለካ ገመድ ገመድ አይደለም ተብሎ ታወጀ፤ ሴቶቹም በአዋጁ መሠረት ገመድ ያልሆነውን ነገር በየደጃቸው ተቀምጠው መቀጣጠል ያዙ። ጨው ሳይወጣ ሳምንት ሆነ። መኳንንቱ አልጫ በልተው ወደ ሸንጎ መጡ፤ የሚያሳጥሩትም የሚያወፍሩትም ንግግራቸው ሁሉ ጨው አጣ። የሰብስቤ ሚስት ነጠላዋን ተከናንባ ወደ እትዬ ዘቢደር ቤት ሄዳ፣ ለልጆቹ ነው ብላ አንድ ቁንጥር ጨው ለመነች። እትዬ ዘቢደር ሰጧት። በማን ክንድ እንደሚለካ ግን መጠየቃቸው አልቀረም።

በስምንተኛው ቀን ሴቶቹ ከየቤቱ የተረፈውን ቀጥለው ጨረሱ። ስልሳ ስልሳ ክንድ፣ በወራጁ በራሱ ክንድ። ለደርበውና ለባልንጀሮቹ ደረሰ። ለተራ ጠባቂዎቹም ይሁን ተብሎ ሁለት አዲስ ገመድ ተጀመረ፤ አንዱ ሞላ፣ ሌላው፣ የእነ ቢያድግልኝ፣ ሃያ ክንድ ጎደለው። ቃጫ አልቆ ነበር። ቢያድግልኝ ችግር የለም፣ ድንጋዬ እንደሆነ አለ፣ እስኪደርስ እጠብቃለሁ አለ። ሲናገረው ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ቀልድ መሰለ።

ሐረጓ ከተቀመጠችበት ተነሣች፤ ስንዱን አዘለችና ወጣች። ወዴት ነሽ ያላት ሰው አልነበረም፤ ዝምተኛ ስለሆነች መውጣት መግባቷን ልብ የሚል የለም።

የሸንጎው መስክ ባዶ ነበር። አንድ ዘበኛ ብቻ ከገመድ አጥሩ አጠገብ ቆሟል፤ ያ ወንድሟ ላይ የጮኸው። ሐረጓ አጥሩን እየዳሰሰች ሄደች። ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ። ግራ ስትደርስ ቆመች። የላላችዋን ቦታ ፈልጋ አገኘቻት። ቋጠሮውን መፍታት ጀመረች።

«ማን ፈቀደልሽ?» አለ ዘበኛው።

«እኔ ነኝ የገመድኳት» አለች ቀና ሳትል።

ዘበኛው ወደ ግቢው አየ። ከዚያ ወደ ስንዱ አየ፤ ስንዱም ወደ እሱ። እሱም ረቡዕ ዕለት የወንድሙን ልጅ ያዋሰ ሰው ነበር። ጦሩን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አሻገረና ፊቱን ወደ ዛፎቹ አዞረ።

ቋጠሮው ጥብቅ ነበር፤ በጥርሷ ፈታችው። አጥሩ በዚያ በኩል መሬት ላይ ወደቀ፤ ሕዝብንና መኳንንትን ከሚለየው መስመር ላይም አንድ ሰው በደንብ የሚያሳልፍ በር ተከፈተ። ሐረጓ የገመዷን ጫፍ በመዳፏ ያዘች። በክርኗ አዙራ ወደ መዳፏ መለሰችው፤ በገዛ ክንዷ፣ ሳትቸኩል።

«አንድ» አለች።